ጥገናን መጠገን

አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ለጥገና ሲመጣ ባለሙያው ብልሽቱን ከመፈለጉ በፊት ቀደም ሲል የተሠራበትን ጥገና ማንበብና መፍታት አለበት ብዬ አምናለሁ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ዲላ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ትክክለኛው መለዋወጫ በቅርብ በማይገኝበት ቦታ ባገኙት ዕቃ ራዲዮውን አስነስቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ ዲላ የምትገኝበት የጌዴኦ አካባቢ እርጥበትም በሰም የተነከረውን የወረቀት ካፓሲተር ያዳክማል። ስለዚህ በሻሲው ሆድ ውስጥ የፋብሪካው ሥራ፣ የዕድሜው ጉዳትና የሁለት ሦስት ሰው እጅ ተደባልቀው ይገኛሉ። እነዚህን ሳይለዩ ሶልደር መጀመር ሌላ ስህተት መደረብ ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ የአውሮፓ ራዲዮዎች ስፒከሩን የሚነዳው ቫልቭ ኢኤል 84 ነው። ግሪዱ ከካቶዱ አንጻር 7 ቮልት ገደማ ኔጋቲቭ ሊሆን ይገባል። ሲግናሉን ወደ ግሪዱ የሚያሳልፈው ካፓሲተር ዲሲውን ማገድ ሲኖርበት ካረጀ ያሾልካል። የፍሳሹ ሬዚስታንስ 50 ሜጋኦም ቢሆን፣ በአንድ በኩል 100 ቮልት በሌላው በኩል 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ካለ፣ ግሪዱ ላይ 2 ቮልት ገደማ ፖዘቲቭ ይደርሳል። ተራ ቴስተር ይህን ካፓሲተር ጤነኛ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ቫልቩ ግን ይግላል፣ ድምፁም ይሻክራል። አንዱ ጠጋኝ ቫልቩን ይቀይራል፤ አዲሱም እንደ ቀደመው ይጎዳል። ሌላው ሙቀቱን ለመቀነስ የካቶዱን ሬዚስተር በትልቅ ይተካል፤ ሙቀቱ ሲበርድ መንስኤው ይሸፈናል። ሦስተኛው ድምፁ አነሰ ብሎ የአይኤፍ (የመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ) ትራንስፎርመሮችን ማስተካከያ በካቻቢቴ ያዞራል፤ ራዲዮው ጣቢያ መለየት ያቅተዋል። አሁን የሚያሾልከውን ካፓሲተር ብቻ ብንቀይር ድምፁ ጭራሽ ይደክማል፤ ትልቁ ሬዚስተር የተመረጠው ፍሳሹን ለማካካስ ነበርና። ትክክለኛው ሥራ ስህተት ይመስላል። ለዚህ ነው ሁሉንም ዋጋ በሰርኪቱ ስዕል መሠረት መመለስ፣ ከዚያ ቮልቴጁን መለካት፣ የማስተካከያውን ሥራ የመጨረሻ ማድረግ የሚገባው።

“እየሠራ ያለውን ለምን ታፈርሳለህ?” የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። የቀድሞው ጠጋኝ ቤተሰቡ ዜና እንዲያዳምጥ አድርጓል፤ ይህ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን መሥራትና በደህና መሥራት ይለያያሉ። በፊውዝ ፋንታ የተጠማዘዘ ሽቦ ራዲዮውን ያስነሳል፤ ችግር ሲመጣ ግን የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው። ኢዜድ 80 ሬክቲፋየር በሲሊከን ዳዮድ ሲተካ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ሌሎቹ ቫልቮች ሳይሞቁ ወዲያው ስለሚደርስም አሮጌ ካፓሲተሮችን ያስጨንቃል። ኢዜድ 80ን ይዞ እምም የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት የመጀመሪያውን የፊልተር ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ በላይ ማድረግም ቫልቩን ከተፈቀደለት ወሰን ያወጣዋል።

በሌላ በኩል “ቅርስ ከሆነ የፋብሪካው ዕቃ አይነካ” የሚሉ አሉ። ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት በጀመረበት በ1963 እ.ኤ.አ. ዙሪያ የተሠሩ የአጭር ሞገድ ራዲዮዎች ታሪክ እንደያዙ እስማማለሁ። ሆኖም የሚያሾልክ የወረቀት ካፓሲተርን በቦታው መተው ሊተካ የማይችለውን የውጤት ትራንስፎርመር ለአደጋ ማጋለጥ ነው። መጠበቅ ያለበት ሠሪው የነደፈው ሰርኪት ነው። የወረቀቱን ካፓሲተር ዋጋው በሚስማማና 630 ቮልት በሚችል የፊልም ካፓሲተር መተካት ንድፉን ያከብራል፤ የወጣውንም ዕቃ ለባለቤቱ መመለስ ይቻላል።

ስለ መለዋወጫ እጥረት የሚነሳው መከራከሪያ እውነት ነው፤ ሰበብ ሆኖ ግን አይበቃም። ትክክለኛው ዕቃ እስኪገኝ ጊዜያዊ ነገር ማስገባት ግድ ከሆነ፣ ምን እንደተቀየረ፣ የቀድሞው ዋጋ ስንት እንደነበረና ለምን እንደተቀየረ በወረቀት ጽፎ ከሳጥኑ ውስጥ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም። መጥፎ ጥገናን ከሁሉ ይበልጥ መጥፎ የሚያደርገው መደበቁ ነው፤ የተጻፈ ጊዜያዊ ጥገና ግን ለሚቀጥለው ባለሙያ መረጃ ይሆናል። ዲላ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ወጣት ከዚህ ሙያ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ ይህን ልማድ ቢይዝ እመርጣለሁ።