ዳኛውን ያላገኘ ፊልም
ስለ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የቀረበ አስተያየት

አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ ተረሳ፣ የሚገባውንም ክብር ሳያገኝ ቀረ ሲባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «የረሳው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመስለናል። ስለ ፊልም የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ክብርን የሚለካው በባዕድ አገር በተገኘ ሽልማት ነው። የተሸለመው ታወቀ ይባላል፤ ያልተሸለመው ተረሳ ይባላል። ይሁን እንጂ በውጭ አገር አዳራሾች እየታየና እየተመሰገነ፣ ኑሮውን በቀረጸለት ሕዝብ ዘንድ ግን እምብዛም የማይታወቅ ሥራ መኖሩን ስናስብ፣ ይህ መለኪያ ጎደሎ መሆኑ ይገለጥልናል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለውም እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው አስተያየት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም የሚመለከት ነው። አዘጋጁ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ፣ ትያትርም የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ ትያትርን፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብን ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የዘውዱ መንግሥት በመውደቅ ላይ ሳለ፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ይህን ፊልም በአጭር ጊዜ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። ተዋንያኑ በአብዛኛው በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሥራው በ1968 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሎካርኖ የፊልም በዓል ላይ ተሸልሟል። የውጭው ዳኛ እንግዲህ ፍርዱን ከሰጠ ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ነው። የቀረው የአገሩ ዳኛ ነው።

ይህ የአገር ዳኛ ማን እንደ ሆነ ለማስረዳት አንባቢን ወደ ፎገራ ሜዳ እንወስደዋለን። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ሲደርስ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከዚያው ይገነጠላል። ከከተማይቱ ወደ ምዕራብ እስከ ጣና ዳር ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ከብቱን ያሳደገ፣ ስሙንም ለፎገራ ላም የሰጠ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ይህን ሜዳ ያለብሱታል። ውኃው ለም አፈር ያመጣል፤ በዚያው መጠን ደግሞ ጎጆና እንስሳ ይዞ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ሙላት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው እንዳፈናቀለ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። ፊልሙ የተቀረጸው በዚህ ሜዳ ላይ ነው አንልም። ነገር ግን ሞፈርና ቀንበርን፣ ላምንና የክረምት ወንዝን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው ይልቅ ስለዚህ ፊልም ሊፈርድ የሚችል ማን አለ?

የፊልሙ ታሪክ ሲነገር ቀላል ነው። አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ በአንድ ባለ መሬት ሥር ይኖራል። አባትና እናት ያርሳሉ፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ። ባለ መሬቱ የፈረንጅ ልብስ ለብሶ ከፍ ካለ ስፍራ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ከዚያ ሆኖ ይቈጣል፤ ያዝዛል። ከእነርሱ ሌላ ከበበ የሚባል፣ ሰው ሁሉ እብድ የሚለው አንድ ሰው አለ። በጣልያን ወረራ ዘመን ለአገሩ የተዋጋ፣ መሬቱን ግን በዚሁ ባለ መሬት የተነጠቀ ነው። እየዞረ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የለም። በመጨረሻም ባለ መሬቱን ይገድለዋል።

በዚህ ፊልም ላይ ከሚሰነዘሩት ነቀፋዎች የመጀመሪያው «ይንዛዛል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ የዛሬው ተመልካች የለመደው ዐይነት ፍጥነት የለውም። የቀረጻው መሣሪያ በእርሻው ላይ ይቆምና በሬዎቹ ከዳር ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ ይጠብቃል። ነገር ግን በፎገራ ሜዳ ጥማድ በሬ ይዞ የዋለ ሰው ይህን እንደ ጉድለት የሚቈጥረው አይመስለንም። እርሻ በአንድ ትልም አያልቅም፤ ትልሙ ተመልሶ ይመጣል። ፊልሙ ድካምን ሊነግረን ቢፈልግ ኖሮ በአንድ ንግግር ይበቃው ነበር። እርሱ የመረጠው ግን ድካሙን እኛም ተቀምጠን በጥቂቱ እንድንቀምሰው ነው። ስለዚህ ዝግታው ከባለሙያው አቅም ማነስ የመጣ ሳይሆን ከነገሩ ባሕርይ የመጣ ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛውና የበለጠ የሚከብደው ነገር የበለጠች ሞት ነው። በለጠች የገበሬው ልጅ፣ ከብት ጠባቂ ናት። ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ላሚቱን ለማዳን ትገባና ውኃ ይወስዳታል። ብዙዎች የዚህን ፊልም ማዕከል የባለ መሬቱ መገደል አድርገው ይቈጥሩታል። እኛ ግን ፊልሙ የተሸከመው ጥያቄ በዚህች ልጅ ሞት ላይ ያለ ይመስለናል። ሕፃኒቱ ወደ ወንዙ ስትገባ ድፍረት ከመብዛቱ የተነሣ አይደለም፤ ላሟ ብትጠፋ በቤተ ሰቡ ላይ የሚደርሰውን ስለምታውቅ ነው። የሰው ልጅ ራሷን ከላም አሳንሳ እንድትገምት ያስተማራት ማን ነው? ፊልሙ ይህን ጥያቄ በቃል አይጠይቅም፤ ወንዙን ብቻ ያሳየናል። የክረምት ወንዝ ዳር ላደገ ተመልካች ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚሁ ላይ የሚጨመር አንድ ታላቅ ትዕይንት አለ። ይኸውም ወላጆች እንደ በሬ በቀንበር ተጠምደው የሚታዩበት ሕልም ነው። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ ይህን ምሳሌ በሙዚቃና በጩኸት ያጅበው ነበር። እዚህ ግን ሕልሙ ከእውነተኛው የእርሻ ትዕይንት እምብዛም አይለይም። ቀኑን ሙሉ ስናየው የዋልነው ነገር በሌሊት ትክክለኛ መልኩን ይዞ መጣ ማለት ነው። በአማርኛ የተሠሩ ፊልሞች ከዚህ የሚበልጥ ምስል ያቀረቡበትን ጊዜ አናስታውስም።

ጉድለት የለውም ግን አንልም። ባለ መሬቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ መልክ ብቻ አለው። ሰው ክፉ የሚሆነው በብዙ መንገድ ነው፤ ከቈጣና ከትዕቢት ሌላ በፈገግታም፣ በስጦታም፣ በክርስትና አባትነትም ሰውን አስሮ መያዝ ይቻላል። ይህን ፊልሙ አላሳየንም። የከበበም ንግግር አንዳንድ ጊዜ ከእብዱ አፍ የሚወጣ ሳይሆን ከአዘጋጁ ማስታወሻ የሚነበብ ይመስላል። ምስሉ አስቀድሞ የነገረንን ቃሉ ደግሞ ሲነግረን፣ ዝም ቢል ኖሮ እንላለን።

ከዚህ የበለጠ ክርክር ሊያነሡ የሚችሉት ግን የፎገራና የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። በቤጌምድር ብዙው ገበሬ በዘር የሚወረስ ርስት ነበረው፤ ከዚያም ለባለ ጉልቱ ይገብር ነበር። በፊልሙ የሚታየው፣ ገበሬ ከነቤተ ሰቡ በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚኖርበት ሥርዓት፣ ይበልጡን የሚመስለው በደቡብ የነበረውን የጭሰኝነት ኑሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ «ይህ የእኛ ታሪክ አይደለም» ቢል ነቀፋው ተገቢ ይሆናል። ምናልባት ሌላው ተነሥቶ፣ ርስት ስለ ተነፈጋቸው ሙስሊሞችና የእጅ ጥበብ ሠራተኞች በማስታወስ «ለእኛ ግን ነበር» ይለው ይሆናል። እኛ የምንመኘው ይህን ክርክር ነው። ፊልሙ በሎካርኖ ሽልማት አገኘ፤ በወረታ ግን ገና ተከራካሪ አላገኘም። ተረሳ የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ተረሳ? አንዱ ምክንያት የዘመኑ አጋጣሚ ይመስለናል። ፊልሙ በተቀረጸ ጥቂት ወራት ውስጥ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ታወጀ። ፊልሙ ለዓለም ሲታይ ባለ መሬቱ በሕግ ተሽሯል። ስለ ነገ የተሠራው ሥራ የትናንት መስሎ ታየ። ሆኖም የሥራው ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው?» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «የሚያርሰው ሰው ዋጋው ስንት ነው?» የሚልም ነበር። ይህንኛውን ጥያቄ አዋጅ ብቻውን አልመለሰውም።

ሌላው ምክንያት ደግሞ ታናሹ ወንድሙ ስሙን መሸፈኑ ነው። የኚሁ አዘጋጅ «ጤዛ»፣ ታሪኩ በጣና ዳር ባለች መንደር የሚፈጸመው፣ በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ ታላላቅ ሽልማቶችን አግኝቶ በአገራችንም በሰፊው ተወራለት። «ጤዛ» የተማረውን ሰው ሐዘን ያሳየናል፤ እኛ የተማርነውም ራሳችንን ስላየንበት ወደድነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን የሚያሳየው ያልተማረውን ነው። ከዚያም በፊት የነበሩት፣ በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» እና በ1960ዎቹ የተሠራው «ጉማ»፣ ከስማቸው በስተቀር በወጣቱ ዘንድ ምን ያህል ይታወቃሉ? ጥሩ ፊልም ፍለጋ ዘወትር ወደ ሩቅ አገር ማየታችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን እንሰጋለን።

የፎገራ ሜዳ ዛሬ በአያቶቹ ዘመን እንደ ነበረው አይደለም። ሩዝ ገብቶ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ወደ እህል ማሳ ለውጦታል፤ የከብቱም ግጦሽ ጠብቧል። በወረታ ትምህርት ቤት የሚቀመጠው ተማሪ ጉልትና ጭሰኛ የሚሉትን ቃላት የሚያውቃቸው ከታሪክ መጽሐፍ ነው። ቃላቱን ኖረውባቸው ያለፉት ሽማግሌዎች ግን በየዓመቱ እያነሡ ይሄዳሉ። በፊልሙ ፍጻሜ ትንሹ ልጅ በሪሁን በሚያልፍ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ወረታ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናትና፣ እንዲህ ያለውን ልጅ ዛሬም በመንገዱ ዳር ቆሞ ሊያየው የሚፈልግ ሰው ያየዋል። ይህ ልጅ ከየት እንደ መጣና ምን እንዳባረረው ለመነጋገር ከዚህ ፊልም የተሻለ መነሻ አናውቅም።

ስለ ሆነም በባህልና በትምህርት ሥራ ላይ ለተሰማሩት ሹማምንትና መምህራን የምናቀርበው አሳብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከባለ መብቱ ፈቃድ ይጠየቅ፤ አንድ ማሳያ መሣሪያና አንድ ነጭ አቡጀዲ ይዘጋጅ፤ ተማሪዎቹም ሽማግሌዎቹም በአንድነት ይጠሩ። ቋንቋው የራሳቸው ነውና አስተርጓሚ አያሻቸውም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ መብራቱ ይብራና በመጀመሪያ የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ይሁኑ። ቢነቅፉትም እንኳ መልካም ነው። ያን ጊዜ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የዘገየውን ዳኛውን አገኘ እንላለን።