ጨለማውን ድርደራው ይሸከመው

በገና የሚደረድር ሰው ዘወትር የሚያነሣው ሞትን፣ ኃጢአትንና የዚህን ዓለም ከንቱነት ነው። ዝማሬዎቻችን ትናንት በክብር ተቀምጦ ዛሬ አፈር ስለለበሰ ሰው፣ ስንቅ ሳትይዝ ስለተጠራች ነፍስ፣ ማንም ስለማይሸኘን የመጨረሻ መንገድ ይናገራሉ። ይህን ዕድሜ ልክ እያሰቡ ሳይጨልምባቸው የሚኖሩ፣ ከዝማሬው ሲነሡ ፊታቸው የሚፈታ ደርዳሪዎች መኖራቸው ሊያስገርም ይገባል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «እምነታቸው ነው» ብሎ ያልፋል። እውነት አለው፤ ግን እምነቱ በጣትና በድምፅ ላይ በምን መንገድ እንደሚሠራ አይነግረንም። እንደ ሙያተኛ የማምንበትን ልናገር፦ ደርዳሪውን የሚጠብቀው የዜማው ሥርዓት ነው። የሐዘኑን ክብደት ከደረቱ አውርዶ በድርደራው ላይ መጫን የተማረ ሰው ጨለማ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ይህን ያልተማረ፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እዚያው ሊቀር ይችላል።

መሣሪያውን እንመልከት። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት የተፈተለ ነው። ብርኩማው ላይ በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ወደፊትና ወደኋላ እየተገፋች አውታሩ የሚነዝርበት ትክክለኛ ቦታ ይፈለግላታል። ያ የሚነዝረው ድምፅ ቶሎ አይሞትም፤ የአንዱ ምት ቅሪት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። ስለዚህ ዘማሪው ጩኸት አያስፈልገውም። ሞትን የሚያህል ነገር እየተናገረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊያወራ ይችላል፤ ዙሪያውን የሚሞላለት መሣሪያው ነውና። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ደግሞ ከ10ሩ አውታሮች የሚመቱት 6ቱን ብቻ ነው፤ የቀሩት ጣት ከመታ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ጀማሪ ተማሪ እነዚህን ዝምተኛ አውታሮች ትርፍ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ እኔ ግን የሙያው ጥበብ ግማሹ እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ግጥሙም እንዲሁ ነው። ድርደራው ከቃሉ በፊት ይጀምራል፤ «መቃብር» የሚለው ቃል ሲመጣ ቀድሞ መጓዝ የጀመረ ዜማ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ቃሉ ካለፈም በኋላ ዜማው ሳይሰበር ይቀጥላል። ስንኙ ሲደጋገም አስፈሪነቱ ይለዝባል፤ እውነትነቱ ግን አይቀንስም። ሰሚው መጀመሪያ ሲሰማው የሚሸሸውን ነገር በሦስተኛው ድግምት ቀና ብሎ ሊያየው ይችላል። እንዲህ ያለውን ድፍረት ደርዳሪው ከራሱ ማምጣት አይጠበቅበትም። የድርደራው ዙር ይሰጠዋል።

በገና ብቻ አይደለም ይህን የሚያውቀው። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድን ሴት ያስተዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሁሉም ይልቅ ያዘነች የምትመስለው እሷ ከሁሉም ይልቅ የነቃች ናት። የሟቹን ሥራ ታስታውሳለች፣ ቤት ትመታለች፣ አሁን የገባው ዘመድ ማን እንደሆነ አይታ ስሙን ግጥሟ ውስጥ ታስገባለች። እሷ ተንሰቅስቃ ከወደቀች ለቅሶው ይበተናል፤ ሌላው እርሙን የሚያወጣው እሷ መስመሯን ይዛ ስለቆመችለት ነው። ለቅሶውም ልክ አለው፤ ሣልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት እየተባለ ለሐዘን ቀን ይቆረጥለታል። በገናም በብዛት የሚሰማው በዐቢይ ጾም ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ በሚዘሙበት ወቅት። 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ትንሣኤ ይመጣል፤ ከበሮውም ይመለሳል። ወደ ጨለማው የሚገባው ሰው መውጫው መቼ እንደሆነ ገና ሲጀምር ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ በተለይ ከትዝታ ዘፋኞችና ከወጣት ሙዚቀኞች። «እንዲህ ከሆነ ሐዘኑ የታል? ልቡ ያልተሰበረ ሰው ልብ ሊሰብር እንዴት ይችላል? ሥርዓት የምትለው ነገር ስሜትን ማምለጫ ነው» ይላሉ። በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም፤ እጁ የሠለጠነ ልቡ ግን የሌለበት ደርዳሪ በእርግጥ አለ፤ እሱን መስማትም ያደክማል። ነገር ግን ሥርዓት ሐዘንን እንደማያሳንስ ከመዝሙረ ዳዊት በላይ ምስክር የለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቁጥር 87ኛው መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከራ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ወደ ተስፋ ዞሮ አያበቃም። ያም ሆኖ መዝሙር ነው፤ ስንኝ አለው፣ ይዜማል፣ ትውልድ አፉን ፈትቶበታል። 136ኛው ደግሞ የበለጠ ይናገራል። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተቀመጡት ምርኮኞች መሰንቆአቸውን ዛፍ ላይ ሰቀሉ፤ የማረኳቸው ሰዎች የደስታ ዜማ አምጡ ሲሏቸው እምቢ አሉ። እምቢታቸው ራሱ ግን ዜማ ሆኖ ደርሶናል። ነፍሳቸው ነጻ መሆኗ የታየው ጌቶቻቸው የጠየቁትን ፈገግታ በመስጠት አልነበረም፤ ሐዘናቸውን በራሳቸው ዜማ በመናገር ነበር። ሐዘንተኛን «አትዘን፣ ዝፈን» የሚል ሰው ይህን ቢያስብበት ደግ ነው። እንግዲህ ሐዘኑ እውነተኛ ሊሆን ይገባል ለሚሉት መልሴ «አዎን» ነው፤ ሐዘኑ ሳይቀነስ የሚሰማው ግን የሚይዘው ቅርጽ ሲያገኝ ነው። ሳግ ይዞት ቃሉ የተዋጠበት ዘማሪ ለሰሚው የሚያደርሰው የራሱን መታወክ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ልጆች ነው፤ «የሚፈውሰው እግዚአብሔር ነው፤ ለጣትና ለእንዚራ ይህን ሁሉ ክብር ለምን ትሰጣለህ?» የሚል። እነሱ የሚያከብሩትን ታሪክ እኔም አከብረዋለሁና ከዚያው ልመልስ። ሳኦል ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ንጉሡም ዕረፍት ያገኝ ነበር። ጥቂት ምዕራፍ ዝቅ ሲል ግን ያው ዳዊት፣ ያንኑ በገና ለዚያው ንጉሥ ሲደረድር፣ ሳኦል ጦር ወረወረበት። ሙዚቃ በራሱ ኃይል ማንንም አያድንም፤ ቅናቱን አጥብቆ፣ ጦሩንም በእጁ ይዞ የተቀመጠን ሰው አያስገድደውም። ይህን በደንብ መቀበል አለብን። ከሳኦል ይልቅ ግን የዳዊት ነገር ለእኛ ሙያ ይቀርባል። በዚያ በጨለመ ቤተ መንግሥት እየተመላለሰ የደረደረው ሰው ሳኦልን አልመሰለም። ንጉሡን ለመግደል ዕድል ሲያገኝ ማለፉን፣ ሳኦልና ዮናታን በሞቱ ጊዜም ሙሾ ማውረዱን እናነባለን። ያንን ሙሾ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዘዘ። እምነት ያልጎደለው ሰው ነበር፤ ቢሆንም ሐዘንን በቃል የሚጠና ዜማ አድርጎ ለልጆች አስረከበ። የእምነት ሰዎች እጅን ማሠልጠን እንደ ትንሽ ነገር ካልቆጠሩት፣ እኛም ልንንቀው አይገባም።

የሚያሳስበኝ ይህ ሥርዓት ዛሬ የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው። ስልክ ላይ ያለ ዝማሬም ሆነ ትዝታ ማብቂያ የለውም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል፤ የጾሙ ወራት፣ የለቅሶው ቀን፣ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ከዜማው ተነጥለዋል። በጅዳም ሆነ በዋሽንግተን፣ የእናቱን መርዶ በስልክ የሰማ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አንድ ትዝታ እየደጋገመ ብቻውን ሊያድር ይችላል። ዜማው ከሐዘኑ ጋር ያገናኘዋል፤ ከሐዘኑ የሚያወጣው ግን በዙሪያው አይኖርም። እንቅልፉን ያጣ፣ ምግብ እምቢ ያለው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ከእኛ ሙያ በላይ ነው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ ዝማሬው ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፈንታ አይቆምም።

ስለዚህ ለበገና መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ለተማሪዎቻችሁ የሞትን ግጥም ከመስጠታችሁ በፊት ባዶውን ድርደራ ያለ ቃል ረዘም ላለ ጊዜ አስይዟቸው፤ ዝማሬውን መዝጋትንም እንደ መጀመር አድርጋችሁ አስተምሯቸው። አዳማጮችም ዝማሬውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ስሙት፤ ሲያልቅ ስልኩን ዝጉ። ከተቻለም ሐዘናችሁን ከሚያውቅ ሰው ጋር አብራችሁ ተቀምጣችሁ ስሙት።