አውሬውን የገደለው ማን ነው?

ግብፃዊው ጸሐፌ ተውኔት ዓሊ ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1970 ለመድረክ ባበቃው የኤዲፐስ ኮሜዲ፣ የቴብስ ሕዝብ አንድ ጀግና አውሬውን ገደለልን ብሎ ይዘፍናል። ቆይቶ ግን አውሬው ተመልሶ ይመጣል። ተውኔቱ የ1967ቱ ሽንፈት ልጅ ነው፤ ሆኖም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለተፈረመው ሰላም አስቀድሞ የተጻፈ ሂስ ይመስላል።

ግብፅና እስራኤል ከ1948 እስከ 1973 አራት ጊዜ ተዋግተዋል። ሳዳትና ቤጊን በ1979 ውሉን ከፈረሙ ወዲህ ጦራቸው አልተጋጠመም፤ ሲናም በ1982 ለባለቤቱ ተመልሷል (ታባ ብቻ እስከ 1989 ቆይታለች)። ይህ በቀላሉ የሚታይ ውርስ አይደለም። ይሁን እንጂ የፈረሙት መንግሥታት ናቸው። የፍልስጤማውያን ጉዳይ በካምፕ ዴቪድ ለነገ ተባለ፤ ያ ነገ ግን አልመጣም። ስለዚህ የካይሮ የኪነት ሰዎች ከጎረቤቱ ጋር አንገናኝም ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ዓሊ ሳሌም ግን በ1994፣ ከኦስሎ ስምምነት ማግስት፣ በኒቫ መኪናው ሲናን አቋርጦ እስራኤል ገባ። የገዛ ተውኔቱን ምክር ፈጸመ ማለት ይቻላል፤ አውሬውን በሌላ ሰው አንደበት ከመስማት ራሱ ሄዶ አየው። ሲመለስ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ብርታቱ ቀልዱ ነው፤ ደራሲው በራሱ መሳቅን አይፈራም። ድካሙም ከዚያው ይመነጫል። የጥቂት ሳምንታት እንግዳ የሚያየው የተነጠፈለትን ምንጣፍ ነው፤ በወታደር አገዛዝ ሥር የሚኖር ሰው ሌሊት ከመኪና መስኮት አይታይም። ይህን አንድ ሃያሲ ገጽ በገጽ እየጠቀሰ ሊሞግተው ይገባ ነበር።

የግብፅ ደራስያን ማኅበር የመረጠው ሌላ መንገድ ነው፤ በ2001 ከአባልነት አሰናበተው። መጽሐፉ በአሥር ሺህዎች ለሚቆጠር አንባቢ ከደረሰ በኋላ ደራሲውን ከመዝገብ መፋቅ ምን ይባላል? መጽሐፍ የሚረታው በሌላ መጽሐፍ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አንድም ዓረፍተ ነገር አያርምም። ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ዓሊ ሳሌምም መብቱን ካስከበረ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ፤ ተውኔት አዋቂ መውጫውን ያውቃል።

በ2015 አረፈ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለመድረክ ያዘጋጃት የረባሽ ተማሪዎች ኮሜዲ ግን ከዓረብ ቴሌቪዥኖች አልጠፋችም፤ ስሙ ከመዝገብ የተፋቀው ሰው፣ የፋቁትን ሰዎች ልጆች ሳይቀር በየሳሎኑ ሲያስቅ ኖሯል።