የቸርኬ ጀርባ

ኪሪንያጋ መንገድ ላይ ቸርኬ የሚሸጠው በፊቱ ነው። ድሮ ግሮጋን ይባል በነበረው በዚህ የናይሮቢ መሃል ከተማ የመለዋወጫ ሠፈር፣ ሻጮች ቸርኬውን ወልውለው ፀሐይ ወደምታርፍበት አዙረው ይደረድሩታል። እኔ ገልብጬ ጀርባውን አነባለሁ።

አንድ እዚሁ ያደገ ያገራችን ልጅ ሱባሩ ኢምፕሬዛውን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ መግጠም ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። አራት የሚያምሩ ባለ 17 ኢንች ቸርኬዎች። ሻጩ «የሱባሩ ነው» ብሎታል፤ አልዋሸውም። የልጁ መኪና ግን የ2004 ደብሊው አር ኤክስ ናት፤ አምስቱ ቡሎኖቿ ዲያሜትሩ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ናቸው። ቸርኬዎቹ ኤስ ቲ አይ የሚባለው የኢምፕሬዛ ዓይነት ነበሩ፤ የእሱ ክብ ደግሞ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ 114.3 ሆኗል።

«ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ብናሰፋውስ?» አለ። እምቢ አልኩት።

ቡሎኑ ቢገጥምም ገና ነው። የመኪናዋ ሙዞ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለብዙ ዓይነት መኪና ታስቦ የሚሠራ ቸርኬ ግን መሃሉ ብዙ ጊዜ 73.1 ይሆናል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ዳዶው ሲጠብቅ ቸርኬው በቀላሉ ከመሃል ይስታል። በከተማው መጨናነቅ ምንም አይሰማም፤ ቲካ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨመር መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ነቀፋው ባላንስ ለሠራው ጎሚስታ ይተርፋል።

ኢቲ የሚባለው ቁጥር ደግሞ አለ፤ ቸርኬው ሙዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከስፋቱ እኩሌታ ምን ያህል እንደሚርቅ ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ወጣቶች ይወዱታል፤ መኪናዋ ደረቷን የነፋች ትመስላለች። ዕዳውን የሚከፍለው ኩሽኔታው ነው፤ ጉድጓድ ሲመጣም ጎማው ፓራፋንጎውን ይበላል።

አሠራሩም ከፊት አይታይም። በፕሬስ የተቀጠቀጠ አሉሚኒየም፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰው ይልቅ በቀላል ክብደት ብዙ ይሸከማል። ጄ ደብሊው ኤል የሚለው የጃፓን ደረጃ ምልክት ጥሩ ነው፤ አስመሳዮችም ስለሚያትሙት ግን የአምራቹን ስምና የሚሸከመውን ኪሎ እፈልጋለሁ። በክንዶቹ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወይም የብየዳ ጠባሳ ካየሁ አልገጥመውም።

በሳምንቱ ልጁ ሌላ አራት ይዞ መጣ፤ የተቧጨሩ፣ ቀለማቸው የደበዘዘ። ሲያወርዳቸው ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጎ ነበር። ገጥሜ ሸኘሁት፤ «100 ኪሎ ሜትር ስትነዳ ተመለስ፤ ዳዶውን ደግመን እናጠብቀዋለን።»