ምርኮና አርበኝነት፤ «የጥላው ንጉሥ» ስለ ተባለው ልብ ወለድ አጭር ሂስ

በሀቢቾና በሆሣዕና አካባቢ ያደግን ተማሪዎች ስለ ጠላት ወረራ ዘመን ስንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረን በጦር ሜዳ ስለ ወደቁ ሰዎች ነው። ከአገራችን በስተሰሜን፥ በጉራጌ ምድር በጎገቲ፥ በየካቲት 1929 ዓ.ም. ከተደረገው ውጊያ ጋር የደጃዝማች በየነ መርዕድና የደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ስም ይነሣል። የደጃዝማች በየነ ባለቤት ልዕልት ሮማነ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ግን ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአሲናራ ደሴት መታሰራቸውን፥ በ1933 ዓ.ም. በቱሪን ከተማ ማረፋቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ባል የወደቀበት ስፍራ ይነገራል፤ ሚስት የታሰሩበት ስፍራ ይረሳል። ይህ ጉድለት የታሪካችን ብቻ ሳይሆን የሥነ ጽሑፋችንም መስሎ ይታየናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተሙትን «ዘ ሻዶው ኪንግ» ማለት «የጥላው ንጉሥ» የተባለውን ልብ ወለድ በዚህ ጥያቄ እንመዝነዋለን። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ለቡከር ሽልማት ከታጩት ከመጨረሻዎቹ 6 መጻሕፍት አንዱ ነበር። እኛ ግን የምንመለከተው ክብሩን ሳይሆን ስለ ሴት ምርኮኛ የሚነግረንን ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሂሩት ወላጆችዋ የሞቱባት፥ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በገረድነት የምታገለግል ልጅ ናት። ከአባትዋ የቀረላትን ውጅግራ ጠመንጃ ኪዳኔ ይወስድባታል። ጦርነቱ ሲመጣ አስቴር ሴቶችን ታሰልፋለች፤ ሂሩትም ወታደር ትሆናለች። ንጉሡ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ መልኩ እሳቸውን የሚመስል ምንም የተባለ ሰው በንጉሥ አምሳል ለሕዝቡ ይታያል፤ እርስዋም ከጠባቂዎቹ አንዷ ትሆናለች። በኋላ ሂሩትና አስቴር ተማርከው ኮሎኔል ፉቼሊ በሽቦ ባሳጠረው እስር ቤት ይገባሉ፤ ኤቶሬ የተባለው ወታደርም በትእዛዝ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል።

የመጽሐፉ ትልቅ ብርታት ከዚህ ይጀምራል። በተለመደው የአርበኛ ታሪክ ሰው ሲማረክ ነገሩ ያበቃል፤ «ታሰረ፥ ተሰቃየ፥ ተፈታ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እዚህ ግን ትግሉ በምርኮ ውስጥ ይቀጥላል። ጠመንጃ የሌላት ሂሩት በፎቶግራፉ ፊት እንደ ወታደር ለመቆም ትታገላለች። ጠላት መልክዋን ለመሳለቂያ ሊያደርገው ሲፈልግ እርስዋ የማን ልጅ እንደ ሆነች አትረሳም። ደራሲዋ ሌላም እውነት አልሸሸጉም፤ ቀን በጀግንነት የሚዋጋው ኪዳኔ ሌሊት ገረዲቱን ይደፍራታል። ስለዚህ የሂሩት ተጋድሎ ከባዕድ ጋር ብቻ አይደለም። ይህን በድፍረት መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል።

ነገር ግን የምንነቅፈውም አለን። የፉቼሊ እስር ቤት እስረኞች ከገደል የሚወረወሩበት፥ ሁሉም ነገር ለዓይን የሚታይበት ስፍራ ነው፤ ጭካኔው እንደ ቴያትር ነው። የፎቶግራፍ መግለጫዎቹና በየመካከሉ እንደ ዝማሬ የሚገቡት ክፍሎችም ሥቃዩን በቅኔያዊ ቋንቋ ያለብሱታል። ጠላት ሕዝባችንን ያጎረባቸው ስፍራዎች ግን ከዚህ ይለያሉ። ከሞቃድሾ በስተደቡብ በባሕር ዳር የነበረውን የደናኔን እስር ቤት እንመልከት። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ሚካኤል ተሰማ ከጦርነቱ በኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል፥ ወደዚያ ከገቡት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ መሞታቸውን ተናግረዋል። እዚያ ሰው የሚያልቀው በገደል ሳይሆን በክፉ ምግብ፥ በክፉ ውሃና በበሽታ ነበር። እንዲህ ያለው ሞት ቀስ ብሎ የሚመጣ፥ ለፎቶግራፍም የማይመች ነው። በዚያ በሕይወት መቆየት የየዕለት ሥራ ነበረ፤ ልብ ወለዱም ይህን ረጅምና አሰልቺ ጊዜ አያሳየንም።

ሁለተኛው ነቀፋችን ከእስር በኋላ ያለውን ኑሮ ይመለከታል። መጽሐፉ ከጦርነቱ ዘመን ተነሥቶ እ.ኤ.አ. ወደ 1974 ይዘላል፤ ሂሩት ፎቶግራፎቹን ይዛ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ከኤቶሬ ጋር ስትገናኝ እናያለን። በመካከል ያለው ዕድሜ ባዶ ነው። የወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሕይወት በዚህ ረገድ ከልብ ወለዱ ይሰፋል። እኚህ ሴት በአዲስ አበባ ሆነው በምስጢር አርበኞችን ሲረዱ ተይዘው ተሰቃይተዋል፤ ወደ አሲናራም ተግዘዋል። ከግዞት ሲመለሱ ግን «በቃኝ» አላሉም፤ የተውትን የአርበኝነት ሥራ እንደገና ያዙ። ከእስር ወጥቶ ወደዚያው አደጋ የሚመለስ ሰው ምን አስቦ ይሆን? ለደራሲ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም።

ልብ ወለድ የታሪክ መዝገብ አይደለም የሚለን ቢኖር እውነቱን ነው። ደራሲዋን ስለ ደናኔ አልጻፉም ብለን አንከስም። እሳቸው በሩን ከፍተዋል፤ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። የዓይን ምስክሮች ጥቂቶች ቀርተዋል፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን በየመንደሩ አሉ። በዕረፍት ጊዜ ወደ ሀቢቾ፥ ወደ ሆሣዕና ወይም ወደ ዱራሜ የምንሄድ ሁሉ «ማን ስንት ጠላት ገደለ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ። «ከቤታችሁ ማን ተወሰደ? ምን እየበላ ቆየ? ማን ተመለሰ? ከተመለሰ በኋላስ እንዴት ኖረ?» ብለን ሴቶችን ጭምር እንጠይቅ። መልሱ በጊዜ ካልተጻፈ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል።

በዚህ ሂስ የሳትነው ነገር ቢኖር መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።