ሻምፒዮኑ ከልጆቹ ጋር ይሩጥ

አዲስ የአትሌቲክስ ክለብ ሲቋቋም፣ ወይም የታዳጊዎች ፕሮጀክት ውጤት ሲርቀው፣ መጀመሪያ የሚነሳው ሐሳብ ያው ነው፦ «አንድ ትልቅ አትሌት አምጥተን እንቅጠር።» ወላጆችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሜዳልያ ያጠለቀ ሰው ልጃቸውን ቢይዝላቸው ማን ይጠላል? እኔ ሥራዬ ታዳጊ ሯጮችን ማሰልጠን ነው፤ ከቀድሞ ኮከቦች ጋርም አብሬ ሠርቻለሁ። ጥሩ አሰልጣኝ ይሆናሉ ወይ ተብዬ ስጠየቅ ግን አዎ ወይም አይ ብዬ ማለፍ አልችልም። ጠያቂዎቹ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ላይ እየጠቀለሉ ነውና። ማሰልጠን አንድ ሥራ ነው። ታላቅ ሆኖ ከታናሽ ጎን መቆም ሌላ ሥራ ነው። በሁለተኛው ኮከቦቻችንን የሚተካ የለም። በመጀመሪያው ግን ብዙዎቹ ይቸገራሉ፤ የሚቸገሩትም ሰነፎች ሆነው ሳይሆን በጣም ጎበዞች ስለነበሩ ነው።

እስቲ ጀግኖቻችንን ማን እንዳሰለጠናቸው እናስታውስ። ሻምበል አበበ ቢቂላን እ.ኤ.አ. በ1960 ለሮም ያዘጋጁት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ናቸው። ደራርቱን፣ ኃይሌንና ቀነኒሳን በብሔራዊ ቡድን የያዙት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሀንጋሪ ተምረው የመጡ ባለሙያ ነበሩ። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና በልጅነታቸው ያሠሩት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ጎረቤት ኬንያ እንሂድ ብንል፣ አየርላንዳዊው ብራዘር ኮልም ኦኮኔል በ1976 ኢቴን የደረሱት ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ነው፤ ለንደን ላይ በ2012 ስምንት መቶ ሜትርን በ1:40.91 የሮጠው ዴቪድ ሩዲሻ የእሳቸው ሠልጣኝ ነበር። ከእነዚህ አሰልጣኞች መካከል በሩጫ የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያለው የለም። ሁሉም ግን ሌላውን ሰው በመመልከት የሠለጠነ ዓይን ነበራቸው።

ኮከቡ የሚያጥረው ይህ ዓይን ነው። አንድ ማለዳ ሱሉልታ መም ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ ስድስት ጊዜ አንድ ሺህ ሜትር፣ በየመሐሉ የሁለት ደቂቃ እረፍት ነበር። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሦስቱን በ3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ አካባቢ በጥሩ ሁኔታ ገባች። አራተኛው ላይ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ እጆቿ ተጨበጡ፣ አረጋገጧም ከበደ፤ 3 ደቂቃ ከ24 ገባች። በዚያ ቀን ሊያግዘን የመጣ፣ በዓለም አደባባይ ባንዲራችንን ያስነሳ አትሌት አጠገቤ ቆሞ ነበር። በሙሉ ፍቅር ጠጋ አላትና «የኔ እህት፣ ሲደክምሽ ነው የሚጨመረው። አሁን ጨምሪ!» አላት። ልጅቷም እሺ ብላ አምስተኛውን በመጀመሪያው አራት መቶ ፈትለክ አለች። ሰባት መቶ ላይ ሳር ላይ ተቀመጠች።

አትሌቱ ከልቡ ደነገጠ። የመከራት እውነት ነበር፤ እሱ ራሱ ያሸነፈው እንዲሁ ነው። ሲከብደው ጨመረ፣ ሰውነቱም ታዘዘለት። ድካምና ድካም እንደሚለያይ እንዲያስተውል የሚያስገድደው ነገር አልገጠመውም። አሰልጣኝ ግን በየቀኑ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ይቺ ልጅ የደከመችው ሥራው ስለከበዳት ነው? ቁርስ ሳትቀምስ ስለመጣች ነው? የወር አበባዋ ነው? ትናንት «ቀለል ያለ ሩጫ» ያልናት ወደ ውድድር ተቀይሮባት ነው? በኋላ ስትመረመር ብረት ያንሳት ነበር፤ በረጅም ርቀት ሴት ሯጮች ዘንድ የተለመደ ችግር ነው። በዚያ ማለዳ የሚያስፈልጋት ጫማዋን ፈትታ ወደ ቤት መሄድ እንጂ ወኔ አልነበረም። የወኔ ትምህርት የሚጠቅመው ጤናው በተረጋገጠ ሰውነት ላይ ነው።

ሌላው ችግር ልጆቹ ዘንድ ነው፤ የሚያደንቁትን ሰው ሙሉ በሙሉ ይቀዱታል። ኃይሌ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ደብተር ይዞበት ስለነበር ግራ እጁን አጠፍ አድርጎ እንደሚሮጥ ሁሉም ያውቃል። እጁ ጤነኛ የሆነ ልጅ እንደዚያ አጥፎ ሲሮጥ አይቻለሁ። ይህ እንኳ በቀላሉ ይስተካከላል። የማይስተካከለው የሥራ መጠኑን ሲቀዱ ነው። አሥር ዓመት የተገነባ እግር የሚችለውን ኪሎ ሜትር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይሞክረዋል፤ ከዚያ የቅልጥሙ አጥንት ላይ ስንጥቅ ይመጣል፣ ዓመቱም ያልቃል። የሻምፒዮን ፕሮግራም ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው። ሻምፒዮኑም «እኔ የሠራሁት ይህን ነው» ሲል አይዋሽም፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የሠራውን ግን ረስቶታል፣ ወይም በጊዜው ማንም አልጻፈለትም።

እዚህ ላይ ፓትሪክ ሳንግን ማንሳት ግድ ነው። ኬንያዊው ሳንግ የሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል ሯጭ ነበር። በ1991 ቶኪዮ፣ በ1992 ባርሴሎና፣ በ1993 ሽቱትጋርት ሁለተኛ ወጣ፤ ሦስቱም ብር። ጎረቤቱ የነበረው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ልጅ ሳለ ፕሮግራም ስጠኝ ብሎ ሲጠይቀው ጻፈለት፤ ልጁ ጨርሶ ሲመለስ ሌላ ጻፈለት። ያ ልጅ በ2003 ፓሪስ ላይ አምስት ሺህ ሜትርን ኤል ጉሩዥንና ቀነኒሳን ቀድሞ አሸነፈ፤ በ2022 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:09 ሮጠ። ሳንግ ታላቅ ሯጭ ነበር፣ ታላቅ አሰልጣኝም ሆነ። በእኔ ግምት ያ ብር ሳይጠቅመው አልቀረም። በትንሽ የተቀደመ ሰው ቤቱ ሲገባ ሩጫውን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መልሶ ያያል፤ የት እንደዘገየ፣ መቼ መውጣት እንደነበረበት ይመረምራል። የማሰልጠን ሥራ ከዚህ ምርመራ ብዙም አይርቅም። የወርቅ ባለቤት ሁሉ አይመረምርም ማለቴ አይደለም፤ ግን የሚያስገድደው ነገር አነስተኛ ነው።

ታዲያ ኮከቡን አንፈልገውም ማለት ነው? በፍጹም። እኔ በሃያ ዓመት ኮርስ የማላገኘውን ነገር እሱ በእግሩ ይዞታል። ችግሩ፣ ሲጠየቅ «ጠንክራችሁ ሥሩ፣ አትፍሩ» ይልና ያበቃል፤ ልጆቹም ያጨበጭባሉ፣ የያዙት ነገር ግን የለም። ስለዚህ እኔ እንዴት አሸነፍክ ብዬ አልጠይቀውም። መም ላይ ይዤው እወርድና፣ ልጆቹን ከኋላ አሰልፌ፣ ደወሉ ሲደወል የት ነበርክ እለዋለሁ። ስንተኛው መስመር ላይ? ከፊትህ ያለው ሰው ትከሻ በየት በኩል ነበር? ኩርባው ላይ ለመውጣት ያሰብከው መቼ ነው፣ ለምን ቀጥታው ላይ አልጠበቅክም? ያኔ ሰውየው ይለወጣል። ቆሞ ያስባል፣ ከዚያ በእጁ ያሳያል፦ «እዚህ ጋ የውስጡን መስመር ይዤ ብቀር ይዘጉኝ ነበር፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ውጭ ወጣሁ። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር፣ እንደማይችል ያወቅኩት ከትንፋሹ ነው።» ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ሜትሩን እሱ ከቆመበት ቦታ እየጀመሩ ይሮጡታል፤ አንዱ ይዘጋል፣ ሌላው ይወጣል፣ እሱም መሐላቸው ገብቶ በትከሻው ቦታ ያሳያቸዋል። ኃይሌ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሞ የገባበት ሩጫ ውስጥ እንዲህ ያለ ብዙ ውሳኔ አለ። ያንን በሰዓትና በደብተር እኔ ላስተምረው አልችልም።

ከመም ውጭም እንዲሁ ነው። ለአንዲት ወጣት ሴት አትሌት የማናጀር ውል ምን እንደሚል፣ የሽልማት ገንዘቧ በማን ስም ባንክ እንደሚገባ፣ ባል ወይም ወንድም «እኔ ልያዝልሽ» ሲላት ምን ማለት እንደምትችል የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ ብናገር ምክር ይሆናል። በዚያ መንገድ ያለፈች ሴት ስትናገር ግን ልጅቷ ጥያቄ ትጠይቃለች። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ አግኝታ፣ ከዚያ ወልዳ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ እንደገና ወርቅ ወሰደች። «ከወለድሽ አለቀልሽ» ለሚባሉ ልጆች ከዚህ የሚበልጥ መልስ ከየትም አላመጣም።

አብሮ መሮጥ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ እግሩ ታሞ ከአሥራ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ከመውጣቱ በፊት፣ ማሞ ወልዴን አንተ ማሸነፍ አለብህ እንዳለው ማሞ በኋላ ተናግሯል፤ ማሞም አሸነፈ። በ2004 አቴንስ ላይ ኃይሌ የተረከዝ ጅማቱ እያመመው አሥር ሺህ ሜትር ሲሮጥ፣ ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ደጋግመው ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩ፣ እንዲደርስባቸውም ፍጥነት ይቀንሱ ነበር። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ልጆቹ ወርቅና ብር ወሰዱ። እንዲህ ያለ ፍቅር የሚበቅለው ዓመታት አብረው ዳገት ሲወጡ፣ ታላቁም እንደ ታናሹ ሲያልበው ነው።

ስለዚህ የክለብ ኃላፊ ሲጠይቀኝ የምለው ይህ ነው። ሻምፒዮኑን ቅጠሩት፣ ደሞዙንም በደንብ ክፈሉት። በሳምንት አንድ ቀን ሰንዳፋ ኮሮኮንች ላይ ረጅሙን ሩጫ ከልጆቹ ጋር ይሩጥ፣ ከውድድር በፊት ባለው ምሽት አብሯቸው እራት ይብላ፣ የመጨረሻውን ዙር መም ላይ ያሳያቸው። ፕሮግራም አይጻፍ፣ ሰዓት አይያዝ፣ ማን ይሰለፍ የሚለውንም አይወስን። ማሰልጠን እፈልጋለሁ ካለ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው ደረጃ ኮርስ ይጀምር፤ ከዚያም በብሔራዊ ቡድን ሳይሆን ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር፣ በአንድ ልምድ ያለው አሰልጣኝ ሥር፣ ደብተር ይዞ የእያንዳንዱን ልጅ እንቅልፍ፣ ምግብና ሰዓት እየመዘገበ ይሥራ። ይህን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አሉ። ቅር ሳይለው የመጣ፣ ልጆቹንም በየስማቸውና በየሕመማቸው ለይቶ የሚያውቅ ሻምፒዮን ካገኘሁ፣ የቡድኑን ፕሮግራም እንዲጽፍ የምጠይቀው እኔ ራሴ ነኝ።