ከዕጣኑ በፊት፦ ስለ ቤት ጠረን ዕውቀታችን ሂሳዊ ዳሰሳ

ጠላ ጠማቂ ጋኗን ስታሰናዳ ከወይራ ጢስ አትጀምርም። አስቀድማ የግራዋ ቅጠል ቀንጥሳ ከውኃ ጋር ታሻለች፤ በዚያው የጋኑን ውስጥ ደጋግማ ፈትጋ ታጥባለች። ግራዋ ሲታሽ አረፋ የሚያወጡ ሳፖኒን የሚባሉ ውህዶች አሉት፤ ሻካራው ቅጠል ደግሞ ሸክላው ላይ የደረቀውን አሮጌ አተላ ፍቆ ያወርዳል። ጋኑ ሲጠራ፣ ያን ጊዜ ወይራው ይቀጣጠልና ጋኑ በጢሱ ላይ ይደፋል። ተራው ቢዛነፍ ጢሱ አተላው ላይ ይለጠፋል እንጂ ጋን አያጸዳም። ጢሱ የራሱ ሥራ አለው፦ ከእንጨቱ ቃጠሎ የሚወጡት ፌኖሎች የተህዋስያንን ዕድገት ይገታሉ፤ የወተት ዕቃ የሚታጠነውም ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ለዚሁ ነው። ነገር ግን የጢሱ ተራ ሁልጊዜ ከእጥበቱ በኋላ ነው።

የቤት መዓዛ ባህላችንን የሚመረምር ሰው ከዚህ ጋን ቢነሳ የተሻለ ይመስለኛል። የበዓል ዋዜማን እናስብ። ምንጣፉና አንሶላው ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ጥላሸቱ ከጣሪያ ይጠረጋል፤ የአፈር ወለል ከሆነ በእበት ይለቀለቃል፣ የከተማ ቤት ከሆነ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ይደርቃል። ቄጤማው የሚጎዘጎዘው በዚህ ላይ ነው። ዕጣኑ ከሁሉም በኋላ፣ ቡናው ሲቀርብ ይጨሳል። ስለዚህ ባህል የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማጨሻው ይጀምራል። የቡና ሥርዓትን የሚያወድሱ ጽሑፎች ረከቦቱን፣ ስኒውን፣ የዕጣኑን ጢስ ይስሉልናል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የሴቶች ድካም፣ መጥረጉን፣ ማጠቡን፣ ማስጣቱን ይዘሉታል። ይህ መዝለል በወረቀት ላይ አልቀረም። ወደ ቤቶቻችን ገብቶ ዕጣንን የጽዳት ምትክ አድርጎታል፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው።

ጠረንን ማስወገድና መዓዛ መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቆየ ቅቤ የሚሰነፍጠው ቢውትሪክ አሲድ ስለሚለቅ ነው። አሲድ በመሆኑም በውኃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል፤ ሽታው ይሞታል። የሽንትና የዓሣ ጠረን በተቃራኒው እንደ አሞኒያ ካሉ ቤዞች የሚመጣ ስለሆነ ሶዳ አይነካውም፤ አቸቶ ወይም ሎሚ ነው የሚያሸንፈው። ሶዳና አቸቶን በአንድ ዕቃ ቀላቅሎ አረፋው ሲፈላ ማየት ኃይላቸውን በእጥፍ ያሳደገ ይመስላል፤ በተግባር ግን እርስ በርስ ተጣፍተው የሚተርፈው በአብዛኛው ጨዋማ ውኃ ነው። የሻጋታ ሽታ ሌላ ነው። ምንጩ እርጥበት በመሆኑ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ እስካልተጠገነና ግድግዳው እስካልደረቀ ድረስ የትኛውም ሽቶ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይረታውም። ዕጣን ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አይሠራም። ሽታውን ሳይነካ በላዩ ሌላ፣ ያማረ ሽታ ይጨምራል።

አፍንጫም ለዚህ መሳሳት ይተባበራል። አንድ ጠረን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየን መለየት እናቆማለን፤ ቤታችን ምን እንደሚሸት ከእኛ ይልቅ ከውጭ የገባ እንግዳ ያውቃል። ዕጣን በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚጨስበት ቤት ባለቤት መጠኑን ቀስ በቀስ ቢጨምር የሚያስገርም አይደለም። በዚህ አጠቃቀም ዕጣን በቆርቆሮ ከሚሸጠው አየር ማጣፈጫ በሥራው አይለይም። «የተፈጥሮ ነው» ማለት ብቻውን መከላከያ ሊሆነው አይችልም።

ዕጣንን የጽዳት ምትክ ያደረገው ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ሥነ ሕንፃውንም እጠይቃለሁ። በሣር የተከደነው ቤት ጢስን በክዳኑ ውስጥ ያሳልፋል። በከተማው ግቢም ቢሆን ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ በጓሮ ይሠራ ነበር፤ መጸዳጃውም እንዲሁ። የሽንኩርት ቁሌቱ፣ የቅቤው ማንጠሪያ፣ የእንጀራ ጋገራው ጢስ ወደ ሳሎን ለመድረስ ግቢውን ማቋረጥ ነበረበት። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም እነዚህን ሁሉ በአንድ በር ሥር አስገባቸው። ወጡ ከአልጋው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይወጠወጣል፤ እርጥብ ልብስ ኮሪደር ላይ ይሰጣል፤ ብዙዎቹ መኖሪያዎች ከማድ ቤቱ ጢስ የሚስብ መሣሪያ የላቸውም። በዚህ ቤት የምትኖር እናት ዕጣን ብታበዛ የምትታገለው ከንድፍ አውጪው ስህተት ጋር ነው። ለእሷ የሚጠቅማት ምክር ቀላል ነው፦ በትይዩ ያሉትን ሁለት መስኮቶች በአንድ ጊዜ መክፈት። አየሩ የሚገባበት ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትም ሲያገኝ ጠረኑን ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ የማይገባ ነገር አለ። ዕጣን የሚጨሰው በፍም ላይ ነው። በደንብ የቀላ ፍም ጢስ ስለሌለው ብዙ ሰው ደኅና ይመስለዋል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። በክረምት ሌሊት ከሰል አስገብተው በር የዘጉ ቤተሰቦች ሳይነቁ የቀሩበትን ዜና በተደጋጋሚ ሰምተናል። የዕጣኑ ጢስ ራሱም ደቃቅ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል፤ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚጨስ ዕጣን ይህን ልክ በቀላሉ ያልፋል። አስም ያለበት ልጅ ወይም አራስ ባለበት ቤት ጉዳዩ የምርጫ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን የጢስ ማስጠንቀቂያው እየጮኸባቸው ወደ ኤሌክትሪክ ማጨሻ ዞረዋል። ይህ ከሰሉን ያስቀራል፣ ትልቅ ነገር ነው፤ የሙጫውን ጢስ ግን አያስቀርም።

ጢስ የሌላቸው መዓዛዎች በባህላችን ሞልተዋል፤ የተጻፈላቸው ግን ትንሽ ነው። አሪቲና አደስ በልብስ መካከል ይቀመጣሉ፤ ጠጅ ሳር ይጎዘጎዛል፤ ጤና አዳምና በሶብላ በበረንዳ ማሰሮ ይበቅላሉ። አዲስ የታጨደ ቄጤማ መዓዛ የሚሰጠው በመቆረጡ የተጎዳው ሕዋስ ወዲያው የሚተኑ ውህዶችን ስለሚለቅ ነው፤ በየመደብሩ የሚሸጠው የፕላስቲክ ቄጤማ አረንጓዴነቱን ወስዶ ይህን ትቶታል። ከተክሎች ግን ከሚችሉት በላይ አንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ1989 በናሳ የተሠራው ጥናት ተክል የቤት አየር ያጠራል የሚለውን እምነት ዓለም አቀፍ አደረገው፤ ሙከራው የተካሄደው በትንንሽ የተዘጉ ሳጥኖች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ከመስኮትና ከበር በሚገባው አየር ልክ ለማጥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ጤና አዳምን ለመዓዛው እንትከለው፤ ይበቃዋል።

ዕጣኑን ልከኛ የሚያደርግ ሌላ ምክንያት ከቤታችን ርቆ ይገኛል። በመተማ፣ በቋራ፣ በአበርገሌና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ፣ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ሳለ ቅርፊቱ በስለት እየተፋቀ ሙጫው ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ በተባለው መጽሔት የወጣው፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ሱዳንን የሸፈነ ጥናት ከተመረመሩት የዛፉ ሥፍራዎች ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ወጣት ዛፍ አላገኘም፤ በ20 ዓመት ውስጥ ምርቱ በግማሽ እንደሚወርድም ተንብዮአል። ሽማግሌ ዛፎች ይሞታሉ፣ የሚተካቸው የለም። አብዝቶ የተፋቀ ዛፍ የሚያፈራው ዘር ያንሳል፣ የመብቀል አቅሙም ይዳከማል፤ የበቀለውን ከብት ይግጠዋል፣ የሣር እሳት ይበላዋል፤ ቁስሉ ያልዳነ ግንድ ደግሞ ለጥንዚዛ ይጋለጣል። መርካቶ ላይ ዕጣን የሚመረጠው በፍሬው ትልቅነትና በንጣቱ ነው፤ ከየትኛው ደን እንደመጣ፣ ዛፉ ዘንድሮ ዕረፍት ማግኘቱን የሚጠይቅ ሸማች የለም። ዕረፍቱም፣ ከከብትና ከእሳት ጥበቃውም ሊሠራ የሚችል ነው፤ ዛሬ የዳነ ችግኝ ሙጫ ለመስጠት የሚደርሰው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ ጥበቃው የሽማግሌዎቹ ዛፎች ዘር ሳይቋረጥ መጀመር አለበት።